ኦፋችንን ሽጠን የምንገዛው ምንድን ነው?

ባለፈው ቡና ስንጠጣ የተነሳውን ክርክር ያልነበራችሁትም ሳትሰሙ አትቀሩም። አንዷ እህታችን ማዳሟ በወር 200 ድርሃም ጨምራላት አራቱንም ኦፍ እንደሸጠች ነገረችን። ግማሾቻችን «እንኳን ደስ ያለሽ» አልን፣ ግማሾቻችን ዝም አልን። እኔ ዝም ካሉት ነበርኩ። ዝም ያልኩት ሐሳብ አጥቼ አይደለም፤ ነገሩ የራሴን ቁስል ስለነካብኝ ነው። ያን ቀን ያልተናገርኩትን ዛሬ በጽሑፍ ልናገር።

መጀመሪያ የመጣሁት አልዐይን ነው። ደመወዜ 1,000 ድርሃም ነበር። በሁለተኛው ወር ላይ ማዳም «ኦፍ ከምትወጪ ገንዘቡን ልስጥሽ» ስትለኝ ደስ ብሎኝ ነው የተቀበልኩት። የት እሄዳለሁ? ማንን አውቃለሁ? አገር ቤት ደግሞ ለጉዞዬ የተበደርነው ብር ተቆልሎ ይጠብቀኛል። ሁለት ዓመት 104 ሳምንት ነው። በዚያ ሁሉ ሳምንት ውስጥ ብቻዬን ከግቢ የወጣሁት ቆሻሻ ለመጣል ብቻ ነው። ጀበል ሐፊትን ጣራ ላይ ልብስ ሳሰጣ ከሩቅ አየው ነበር፣ ያው ነው፤ አልዐይንን የማውቃት እንደዚያ ነው።

በሁለተኛው ዓመት አባቴ ሞተ። መርዶውን ወንድሜ በስልክ ነገረኝ፤ ሸሚዝ እየተኮስኩ ነበር። ማዳም ክፉ ሰው አልነበረችም፤ «አላህ ይርሐሙ» ብላ ውሃ ሰጠችኝ። ከዚያ በኋላ ግን ምን ላድርግ? አብሮኝ የሚቀመጥ የለም፣ ቡና የሚያፈላልኝ የለም፣ «አይዞሽ» የሚለኝ በአገሬ ቋንቋ የለም። የቀሩትን ሸሚዞች ተኩሼ ጨረስኩ። በወሎ ሰው ሲሞት ሦስት ቀን ሰው ከቤት አይጠፋም። እኔ አባቴን ያለቀስኩት ሽንት ቤት በር ዘግቼ ነው። በዚያች ከተማ ስንት ሐበሻ እንዳለ አሁን አውቃለሁ፤ ያኔ ግን እኔን የሚያውቀኝ አንድም አልነበረም። ሰው የሚተዋወቅበትን ቀን ሽጬዋለሁና።

ስለ ራሴ ይብቃኝ። አሁን ወደ አንድ መጽሐፍ ልውሰዳችሁ፤ ነገሩ ከኦፋችን ጋር ይገናኛል፣ ታገሱኝ።

አሁን አቡዳቢ የምሠራበት ቤት ያለችው ልጅ ስምንተኛ ክፍል ናት፤ የአሜሪካ ትምህርት የሚሰጥበት ትምህርት ቤት ነው የምትማረው። አንድ ማታ የታሪክ ፈተና ስታጠና ከጎኗ ልብስ እያጠፍኩ ነበር። መጽሐፏ ላይ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠሩ ትንንሽ ልጆች ፎቶ አየሁና ጠየቅኋት። የአሜሪካ ፋብሪካዎች በተስፋፉበት ዘመን ሰው በቀን አሥርና አሥራ ሁለት ሰዓት ይሠራ እንደነበር፣ ሕፃናትም እንደሚሠሩ፣ ኋላ ሠራተኞችና ሌሎችም ሰዎች ተነስተው ሕጉን እንዳስለወጡ ነገረችኝ። «ያኔ ቤት ሠራተኛ አልነበረም?» አልኳት። መጽሐፉን ገለጥ ገለጥ አደረገችና «ኖው፣ እዚህ ላይ የለም» አለችኝ።

ያ መልስ አስተኛኝ መሰላችሁ? እኔም አሥረኛ ክፍል ታሪክ ተምሬአለሁ። የካቲት 28 ቀን 1966 ዓ.ም. የሠራተኞች አንድነት ማኅበር በአገራችን የመጀመሪያውን አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ እንደጠራ፣ በዚያው ሰሞን ታክሲ ነጂውም፣ መምህሩም፣ ካህናት ሳይቀሩ አቤት እንዳሉ ተምሬአለሁ። የእነዚያን ሁሉ ሰዎች ምሳ የሠራችው፣ ልብሳቸውን ያጠበችው ግን በዚያ ትምህርት ውስጥ ነበረች ወይ ብትሉኝ አላስታውሳትም። እና ልጅቷ ከተኛች በኋላ በስልኬ መፈለግ ጀመርኩ። እንግሊዝኛዬ ጥሩ ባይሆንም ስልኩ ይተረጉማል፤ ያልገባኝን በማግስቱ ልጅቷን እጠይቃለሁ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ብዙ ማታ አነበብኩ።

መጀመሪያ ያገኘሁት ሁላችንም የምናውቀውን ቀን ነው። ሚያዝያ 23 ትምህርት ቤት ይዘጋ ነበር፣ የሠራተኞች ቀን ይባላል፣ ለምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። ለካ መነሻው አሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. ሜይ 1 ቀን 1886 በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች በየከተማው ሥራ አቆሙ። የጠየቁት የቀን ሥራ ስምንት ሰዓት እንዲሆን ነው። ከሦስት ቀን በኋላ ቺካጎ ውስጥ በአንድ ስብሰባ ላይ ቦምብ ፈነዳ፤ ፖሊስም ሠራተኛም ሞተ፤ በማግስቱ ዓመት አራት ሰዎች ተሰቀሉ። እ.ኤ.አ. በ1889 ፓሪስ የተሰበሰቡ የሠራተኛ ተወካዮች ቀኑ በዓለም ሁሉ እንዲከበር ወሰኑ። እኔን እዚህ ላይ ያስገረመኝ ጥያቄያቸው ነው። እነዚያ ሰዎች ድሆች ነበሩ፣ ገንዘብ ያስፈልጋቸው ነበር፤ ግን ያን ሁሉ መስዋዕትነት የከፈሉት ለሰዓት ነው። ስምንት ሰዓት ለሥራ፣ ስምንት ለእንቅልፍ፣ ስምንት ለራስ። እኛ በ50 ድርሃም የምንሸጠውን ነገር እነሱ ሞተውለታል።

ቀጥሎ ያገኘኋቸው ግን ልቤን የወሰዱት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1881፣ ከቺካጎው ነገር አምስት ዓመት ቀድሞ፣ አትላንታ በምትባል ከተማ ልብስ አጣቢ ጥቁር ሴቶች ነበሩ። ባርነት ከቀረ ገና 16 ዓመቱ ነው። ሃያ የሚሆኑ ሴቶች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተሰብስበው የአጣቢዎች ማኅበር መሠረቱ፤ ለአሥራ ሁለት ፓውንድ ልብስ አንድ ዶላር ይከፈለን አሉ። በሦስት ሳምንት ውስጥ 3,000 ሆኑ። ፖሊስ አሰራቸው፣ ተቀጡ። የከተማው ምክር ቤት «ማጠብ የምትፈልግ በዓመት 25 ዶላር የፈቃድ ትክፈል» የሚል ሐሳብ አመጣ። እነሱ ለከንቲባው ደብዳቤ ጻፉ፦ እንከፍላለን፣ ግን ፈቃዱ የከተማው እጥበት በእኛ እጅ እንዲሆን የሚያደርግ ይሁን አሉ። ምክር ቤቱ የፈቃዱን ነገር ተወው። ማንበብና መጻፍ ስንቶቹ ይችሉ እንደነበር አላውቅም፤ አፋቸው ግን አልተቆለፈም ነበር።

እስቲ አስቡት፣ ለምን አጣቢዎቹ ቻሉ? እኔ የመሰለኝን ልንገራችሁ። አጣቢዎቹ ልብሱን ከየቤቱ ሰብስበው ወደ ራሳቸው ሰፈር ወስደው ነው የሚያጥቡት። አብረው ውሃ ይቀዳሉ፣ አብረው ያሰጣሉ፣ አብረው ያወራሉ። ማታ በራሳቸው ቤት ያድራሉ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይገናኛሉ። የፋብሪካ ሠራተኛም እንደዚሁ በአንድ በር ይገባል፣ በአንድ ሰዓት ይወጣል፣ በር ላይ ይነጋገራል። ሰው ቤት የምታድር ሴት ግን በአንድ ሰፈር መቶ ብትሆን መቶ የተለያየ በር ውስጥ ናት። ለዚህ ነው ለውጥ ፋብሪካ ቀድሞ ደርሶ ማድ ቤት መጨረሻ የሚደርሰው። ሰነፍ ስለሆንን ወይም ፈሪ ስለሆንን አይደለም፤ ስለማንገናኝ ነው።

ይህ እኔ የፈጠርኩት ወሬ አይደለም፤ በሕጋቸው ላይ ይታያል። እ.ኤ.አ. ማርች 25 ቀን 1911 ኒው ዮርክ ውስጥ ትሪያንግል የሚባል የልብስ ስፌት ፋብሪካ ተቃጠለ፣ 146 ሰው ሞተ። አብዛኞቹ እንደ እኛ ከሌላ አገር የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። ከመውጫዎቹ አንዱ ተቆልፎ ነበር። በር ተቆልፎባት ለምታውቅ ሰው ይህን ማብራራት አያስፈልግም። ያን ቀን ሴቶቹ ከመስኮት ሲዘሉ መንገድ ላይ ቆማ ያየች ፍራንሲስ ፐርኪንስ የምትባል ሴት እ.ኤ.አ. በ1933 የሠራተኛ ሚኒስትር ሆነች፤ በአሜሪካ ካቢኔ ውስጥ የገባች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። እሷ ሚኒስትር ሳለች እ.ኤ.አ. በ1938 ትልቁ ሕግ ወጣ፤ ዝቅተኛ ደመወዝ፣ የሥራ ሰዓት ገደብ፣ የሕፃናት ሥራ ክልከላ። ቤት ሠራተኛዋ ግን ተዘለለች። ቤት ሠራተኞች ወደዚያ ሕግ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። ከ36 ዓመት በኋላ! እሱም ሲሆን ቀጣሪዋ ቤት የምታድረዋ የትርፍ ሰዓት ክፍያ አላገኘችም።

አሁን ወደዚህ አገር እንምጣ። የኤምሬትስ የሠራተኛ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1980 ሲወጣ ቤት ሠራተኛን አይመለከትም ነበር። የእኛ ሕግ የወጣው በ2017 ነው፣ ቁጥር 10። ይኼው ደግሞ 37 ዓመት። ከዚያ በ2022 ቁጥር 9 የሚባለው አዲሱ ድንጋጌ ተተካ፤ ከዲሴምበር 2022 ጀምሮ የሚሠራው እሱ ነው። ምን እንደሚል ብዙዎቻችን ስለማናውቅ ዋና ዋናውን ልጻፈው፦ በሳምንት አንድ ቀን ከነደመወዙ እረፍት፤ በዚያ ቀን ከተሠራ ምትክ ቀን ወይም ገንዘብ። በቀን ቢያንስ 12 ሰዓት እረፍት፣ ከዚያ ውስጥ 8ቱ የማይቋረጥ። በዓመት 30 ቀን ፈቃድ። ፓስፖርትሽና መታወቂያሽ በአንቺ እጅ። ለኤጀንሲ ወይም ለመክተብ የቅጥር ገንዘብ ከአንቺ አይጠየቅም።

ልብ በሉ፣ «ወይም ገንዘብ» ይላል። ስለዚህ ኦፍ መሸጥ ወንጀል አይደለም፤ የሸጠችውን እህታችንንም እየወቀስኩ አይደለም። እኔም ሸጬ ነበር። ግን ሌላው መብት ሁሉ በዚች አንዲት ቀን ላይ የተንጠለጠለ ነው። 12 ሰዓት እረፍት እንዳለሽ የምትሰሚው የት ነው? ማድ ቤት ውስጥ ማን ይነግርሻል? ፓስፖርትሽ በእጅሽ መሆን እንዳለበት፣ 80084 ደውለሽ ስለ ሥራ አቤቱታ መጠየቅ እንደምትችዪ፣ ገንዘብ የት በርካሽ እንደሚላክ፣ ሁሉንም የሰማነው ከቤት ስንወጣ ነው። ቀኗን የሸጠች ሴት የምትሸጠው እንቅልፍ አይደለም፤ ጆሮዋን ነው።

ለእኔ ይህ የተገለጠልኝ አውቶቡስ ላይ ነው። ኮንትራቴን ጨርሼ አቡዳቢ አዲስ ቤት ስገባ፣ ረመዳን ካለፈ በኋላ አዲሷን ማዳም በትሕትና ጠየቅኋት። ኮንትራቱ ላይ በአረብኛ የተጻፈውን መስመር አሳየኋት። «ወዴት ትሄጃለሽ? ከማን ጋር ትገናኛለሽ?» አለችኝ፤ ፈርታ ነው። «እህቶቼ ጋ ሄጄ እስከ ምሽት እመለሳለሁ» አልኩ። መጀመሪያ በወር ሁለት እሑድ ፈቀደች፤ በሰዓቴ እየተመለስኩ ስታየኝ ከዓመት በኋላ አራቱንም። አንድ እሑድ ያገሬን ልጅ ለመጠየቅ ከአልወህዳ ወደ አልዐይን በአውቶቡስ ስሄድ አጠገቤ የተቀመጠች ሐበሻ ስለ ማኅበራችን ነገረችኝ። ሁለት ዓመት የኖርኩባት ከተማ ውስጥ ዕቁብም ዕድርም እንደነበረ ያኔ ሰማሁ። አሁን የአንዷ እናት ስትሞት እኛ ሠላሳ ሆነን ተሰብስበን አልቅሰናል። እኔ በዚያ ለቅሶ ላይ ያለቀስኩት ለአባቴም ጭምር ነው።

ኋላ ሳነብ ምን ባገኝ ጥሩ ነው? ያችው አትላንታ፣ እ.ኤ.አ. በ1968፣ ዶሮቲ ቦልደን የምትባል ከልጅነቷ ጀምሮ ሰው ቤት የሠራች ሴት የቤት ሠራተኞች ማኅበር መሠረተች። ሴቶቹን ያገኘቻቸው የት ይመስላችኋል? ጠዋት ወደ ሥራ በሚሄዱበት አውቶቡስ ላይ። እየተሳፈረች ታወራቸው ነበር። ከስድስት ዓመት በኋላ ያ የተዘለለው ሕግ ተስተካከለ። እሷ ብቻዋን አስለወጠችው አልልም፤ ብዙ ሰው ደክሞበታል። ግን አውቶቡስ ቀላል ነገር እንዳልሆነ ይታየኛል።

የሚቃወሙኝን አውቃለሁ። አንዲት ታላቅ እህታችን ያን ቀን «ልጄ፣ እኛ የመጣነው ለሥራ ነው፣ እረፍቱን አገራችን እናርፈዋለን» ብላኛለች። እትዬ፣ አክብሬሽ ነው የምናገረው፣ ዕዳ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ልጅ የምታስተምር፣ እናት የምታሳክም ሴት 200 ድርሃም ትንሽ ገንዘብ አይደለም። ግን አስቢው፣ ስንቶቻችን ነን «አገሬ ገብቼ አርፋለሁ» ብለን ወገባችን ተሰብሮ የገባነው? የታመመ ሰው የሚያርፈው እረፍት እረፍት ነው? ሌላዋ ደግሞ «እንግዳ አገር ነን፣ እንደ አሜሪካኖቹ እንሁን እንዴ?» ብላለች። አይደለም። እዚህ አገር አድማ በሕግ አልተፈቀደም፤ እኔም አድርጉ አልልም፤ አንዲት እህት እንድትታሰር የሚያደርግ ምክር ምክር አይደለም። የእኔ ነገር ሌላ ነው፤ የተጻፈልን ነገር አለ፣ የተጻፈልንን እንኑርበት ነው የምለው። ከቤት ጠፍተው ወረቀት የሌላቸው እህቶችም አሉ፤ ለእነሱ መውጣት ራሱ ስጋት ነው። ስለዚህም ነው መውጣት የምንችለው መውጣታችንን መጣል የሌለብን።

አሁን የሚያሳፍረኝን ልናገር። ይህን ሁሉ ሳነብ ከርሜ አንድ ማታ ደሴ ያለችው እህቴ ደወለች። ከእኔ በሚላክላት ገንዘብ ሱቅ ከፍታለች፣ ልጆቿን የምትይዝላት ከገጠር የመጣች ልጅ ቀጥራለች። «ልጅቷ ኦፍ አላት?» አልኳት። ሳቀች። «የምን ኦፍ? የት ትሄዳለች? ማንን ታውቃለች?» አለችኝ። እህቶቼ፣ ቃል በቃል እኔ አልዐይን ለራሴ ያልኩትን ነው የመለሰችልኝ። የአገራችን የሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ቢሆን የግል አገልግሎትን አይሸፍንም፤ ደንብ ይወጣል ብሎ ወደ ሚኒስትሮች ምክር ቤት አስተላልፎታል። ፋብሪካ ቀድሞ፣ ማድ ቤት መጨረሻ። እዚህ ማዳምን እያማን አገራችን ላይ በራሳችን ገንዘብ ማዳም ሆነናል። ከእህቴ ጋር ተጣላን፤ ሁለት ሳምንት አልተነጋገርንም። በሦስተኛው ደውላ «እሑድ ከሰዓት ልለቃት ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች» አለችኝ። ግማሽ ቀን ነው። ሆኖም ጀምራለች።

እንግዲህ በሚቀጥለው ስብሰባችን የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። አንደኛ፣ ገንዘብ የግድ የሚያስፈልጋት እህት ሁለቱን ትሽጥ፣ ሁለቱን ግን አትንካ፤ አራቱንም ሽጣ ማንም አትቅር። ዕዳዋ ከብዶ ካልቻለች የዕቁቡን ተራ እናስቀድምላት፤ ዕቁብ ለዚህ ካልሆነ ለምንድን ነው? ሁለተኛ፣ እያንዳንዳችን ትንሽ ደብተር ይኑረን፤ የተነሳንበትን፣ የተኛንበትን፣ የወጣንበትን ቀን እንጻፍ፤ ደመወዝ የተቀበልንበትንም። ክርክር ሲመጣ ማስታወሻ ያለው ሰው ይደመጣል። ሦስተኛ፣ በሰፈራችሁ አዲስ ልጅ ስትገባ ቆሻሻ ልትጥል ስትወጣ ስሟን ጠይቋት። እኔን በ104 ሳምንት ውስጥ አንድ ሰው ስሜን ቢጠይቀኝ ኖሮ አባቴን ብቻዬን አላለቅስም ነበር። አራተኛ፣ አገር ቤት ለቀጠርነው ሰው ኦፍ እንስጥ። ለራሳችን የምንፈልገውን ለሌላ ከከለከልን ይህን ጽሑፍም ባንጽፈው ይሻላል።

ያቺ ኦፏን የሸጠችው እህቴ፣ ይህን ስታነቢ አትቀየሚኝ። በሚመጣው እሑድ ማዳምሽ ትፈቅድ እንደሆነ ጠይቂያት፤ የዚያን ቀን 50 ድርሃም እኔ እከፍልልሻለሁ። ቡናውም በእኔ ነው።

አንዲት የማኅበሩ አባል፣ ከአቡዳቢ